የአራስ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንታት፦ ከአንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አራስ ልጅ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሰናል። መልሶቹ ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ናቸው። ልጃችሁ ያለ ወሩ ከተወለደ፣ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረ፣ የሐኪማችሁን ምክር አስቀድሙ።

«ከወለድኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ጡቴ ገና አልሞላም፤ የሚወጣው ቢጫ ነገር ጥቂት ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ከጡት አይላቀቅም፣ ሳስቀምጠው ያለቅሳል። እናቴ ‹ርቦት ነው፣ የላም ወተት በውሃ አቅጥነሽ በጡጦ ስጪው› ትለኛለች። ምን ላድርግ?» (ከደብረ ብርሃን)

እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ጥቂት የመሰለሽ ቢጫ ነገር እንገር ነው። በመጀመሪያው ቀን የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃዋል። በሽታ የሚከላከሉ ነገሮች የታመቁበት ከመሆኑም በላይ ጥቁሩን የመጀመሪያ ሰገራ ጠርጎ ያወጣል። ነጩ ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳል። በኦፕሬሽን ለወለደች፣ ብዙ ደም ለፈሰሳት ወይም የመጀመሪያ ልጇ ለሆነ እናት አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል።

ልጁ ሌሊቱን ሙሉ መጥባቱ ወተቱን የሚጠራው እሱ ስለሆነ ነው። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ደግሞ ሌሊት ከፍ ይላል። ስለዚህ የሌሊቱን ጡት አትዝለይ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። የልደት ክብደቱን እስኪመልስ ድረስ ቢተኛ እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳትቆዪ ቀስቅሺው፤ ልብሱን አላልተሽ፣ እግሩን ዳበስ ዳበስ አድርገሽ ደረትሽ ላይ ብታስተኚው ይነቃል።

የላም ወተቱን ግን አደራ፣ አትስጪው። ሆዱ በጡጦ ከሞላ ጡት ላይ የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ጡትሽም ያንኑ ያህል ብቻ ያመርታል። በሦስተኛው ቀን የተጀመረች አንዲት ጡጦ በሁለተኛው ሳምንት «ወተቴ ደረቀ» የምታሰኘው በዚህ መንገድ ነው። የላም ወተት ጨውና ፕሮቲን ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ልጁን የሚያሳድገው ኃይል ይቀንስና ውሃውና ጡጦው ተቅማጥ ይዘው ይመጣሉ። ስኳር በጥብጦ መስጠት፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ አብሽ ማጠጣትም እንዲሁ ናቸው። ማር በተለይ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወደ አፉ እንዳይደርስ፤ ጡንቻን የሚያልፈሰፍስ ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ታዲያ እንደጠገበ በምን ይታወቃል? በለቅሶው ሳይሆን በሽንት ጨርቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ ይሸናል፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀንና በሌሊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ፣ ቀለሙ የነጣ ሽንት መኖር አለበት። ዳይፐር ሽንቱን ስለሚመጥ እርጥበቱ አይታወቅም፤ ውስጡ አንድ ንጹሕ ሶፍት ብታደርጊ ወዲያው ታያለሽ። ሰገራው ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ በአምስተኛው ቀን ገደማ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ቀጠን ብሎ ፍርፍር ያለበት መሆኑ ተቅማጥ አይደለም። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ መቶ ሰባት እጅ ቢቀንስ የተለመደ ነው። ከመቶ አሥር እጅ ካለፈ ግን ባለሙያ ማየት አለበት። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የተወለደበትን ክብደት መልሶ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል።

ወተት አነሰ ከሚሉን እናቶች የብዙዎቹ ችግር አያያዙ ላይ ነው። የልጁ ሆድ ከአንቺ ሆድ ጋር ይግጠም፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ። አንገቱን አዙሮ እንዲጠባ አታድርጊ። አፍንጫውን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርገሽ የላይኛ ከንፈሩን በጡት ጫፍ ንኪው። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው ሲከፍት ልጁን ፈጥነሽ ወደ ጡት አምጪው፤ ጡቱን ወደ ልጁ አትግፊ። በትክክል ሲይዝ አገጩ ጡትሽን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ከጥቁሩ ክፍል ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከገባ፣ «ጧ ጧ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ሲለቅ የጡትሽ ጫፍ ተጨፍልቆ ከወጣ የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዢው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መሳቦች ቢያሙ ያልፋል፤ እስከ መጨረሻው የሚያምና ጫፉን የሚያቆስል ከሆነ ግን አያያዙ አልተስተካከለም።

በአምስተኛው ቀን ሰገራው ገና ጥቁር ከሆነ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ጨርቁ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ቅንጣት ከታየ፣ ለመጥባትም የማይነቃ ከሆነ ነገ ሳትዪ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ። አጥሚቱንና ገንፎውን በደንብ ጠጪ፣ ብዪ፤ አራስ መብላት አለባት። ወተቱን የሚያበዛው ግን የልጁ መጥባት መሆኑን ለእናትሽም ንገሪያቸው።

«የልጅ ልጄ ስምንት ቀኗ ነው። እትብቷ አልወደቀም፣ ትንሽ ይሸታል። እኛ ልጆቻችንን እትብታቸውን ቅቤ ቀብተን፣ እርግብግቢታቸው ላይም ቅቤ አድርገን ነው ያሳደግን። ልጄ ግን ‹ሐኪም ከልክሏል› ብላ አታስነካኝም። አሁን ደግሞ የሕፃኗ ጡት አብጧል፤ ከታችም የደም ጠብታ አየን።» (ከደሴ፣ አያት)

እናታችን፣ በመጨረሻው እንጀምርና ልብዎን እናሳርፍ። የጡቷ እብጠትም የደም ጠብታውም በማህፀን ሳለች ከእናቷ የወሰደችው ሆርሞን ሲቀንስ የሚመጡ ናቸው። ወንዶች ልጆችም ጡታቸው ያብጣል። ደሙ በጥቂት ቀን፣ እብጠቱ በጥቂት ሳምንት በራሱ ይጠፋል። ጡቷን ግን አይጭመቁት፣ አያሹትም፤ የተጨመቀ የሕፃን ጡት መግል ቋጥሮ በቀዶ ሕክምና እስከ መከፈት ይደርሳል።

በእትብቱ ነገር ልጅዎ ትክክል ናት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእትብቱ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ጨርሰው አልተዘጉም፤ ላዩ ላይ የተቀባው ነገር ወደ ደም የሚገባበት መንገድ አለው። ቅቤ የቱንም ያህል ቢነጠር በጣትና በዕቃ ተህዋስ ይይዛል፣ እትብቱንም አርጥቦ መድረቁን ያዘገያል። አመድና እበት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን ጀርም ሊይዙ ይችላሉ። እትብት የሚፈልገው ንጽሕናና ደረቅነት ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች አጥፈው ይሰሩ፤ ሰገራ ከነካው በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ። እስኪወድቅ ድረስ ገላዋን በተነከረ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ከጤና ተቋም ክሎርሄክሲዲን የሚባል የእትብት ቅባት ተሰጥቷችሁ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ እትብቱንና ሥሩን ይቀባል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። በጣም የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የዚህ ቅባት ቱቦ የዓይን ቅባት ይመስላል፤ ዓይን ውስጥ ተጨምሮ ያሳወራቸው ሕፃናት አሉ። ቱቦውን ከሌላ መድኃኒት ለይታችሁ አስቀምጡ። በስህተት ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እትብት ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ሊወድቅ ሲል ትንሽ መሽተቱና ሁለት ሦስት ጠብታ ደም መታየቱ አያስደነግጥም። በዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከወጣው ግን በዚያው ቀን መታየት አለባት። ሦስት ሳምንት አልፎት ካልወደቀ፣ ወይም ወድቆ ሥሩ ላይ እርጥብ ሥጋ መሰል ነገር ከቀረም ያሳዩ።

እርግብግቢቷ በቅቤ አይዘጋም፣ ያለ ቅቤም ክፍት አይቀርም፤ የፊተኛው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል። ቅቤውን ትተው በዓይንዎ ይጠብቁት፤ ያ ትልቅ ሥራ ነው። ከአፍ መድረቅና ከሽንት ማነስ ጋር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ውሃ አንሷታል። ሳታለቅስ ቀና ብላ ሳለች ወደ ላይ ከተወጠረ ደግሞ በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ትሂድ። ኩል አይኳሏት፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደግሞ ደም ያፈሳሉ፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ የሚያድኑት በሽታም የለም።

«ልጃችን አምስት ቀኑ ነው፤ ዓይኑና ፊቱ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቶች የጠዋት ፀሐይ አሙቁት፣ ይለቀዋል ይላሉ። ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ልጠብቅ?» (ከአዳማ፣ አባት)

ወንድማችን፣ ዛሬ ወስደህ አስመርምረው። ምናልባት ምንም ሳያስፈልገው ትመለሳለህ፤ ቢሆንም ይህን ለመለየት መለካት ያስፈልጋል።

ሕፃን ሲወለድ በደሙ ውስጥ ትርፍ ቀይ የደም ሴሎች አሉ። እነሱ ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበቱ ደግሞ ገና ሥራ ለማጅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢጫ ይላሉ፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይብሳል፣ በሁለት ሳምንት ይለቃል። ቢጫው መጠኑን ሲያልፍ ግን ወደ አንጎል ገብቶ መስማትንና እንቅስቃሴን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል። አንዴ ከደረሰ ጉዳቱ አይመለስም፤ እንዳይደርስ ማድረግ ግን ቀላል ነው። ምርመራውን የምናጠብቀው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ የምታየው በቀን ብርሃን ነው፤ የመብራት ብርሃን ያሳስታል። ግንባሩን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ሆዱንና እግሩን በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቅ፤ ጣትህ ያረፈበት ቦታ ላይ ቢጫነቱ ይታያል። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ የዓይኑን ነጭና ድዱን ተመልከት። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ፣ ልጁ ከደከመና ጡት ካልሳበ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣና ሽንቱ ከጠቆረ፣ ወይም ቢጫው ሁለት ሳምንት ካለፈው የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል። የእናቱ የደም ዓይነት ኦ ወይም አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ያለ ወሩ ከተወለደ፣ ሲወለድ ራሱ ላይ ደም ከቋጠረ፣ ወይም ታላቁ በብርሃን ታክሞ ከነበረ ለሐኪሙ ንገር፤ ቢጫው በእነዚህ ሕፃናት ላይ ይከፋል።

ፀሐዩ ሕክምና አይደለም። በሐኪም ቤት የሚሰጠው መጠኑ የታወቀ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ሙቀቱ እየተለካ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ የተራቆተ ሕፃን ወይ ይበርደዋል ወይ ይቃጠላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ቤተሰቡ «እየሞቀ ነው» ብሎ የሚያባክነው ቀን ነው። ጡት ሳይቋረጥ ይቀጥል። ቢሊሩቢን ከሰውነት የሚወጣው በሰገራ ስለሆነ ብዙ የሚጠባ ልጅ ቶሎ ይለቀዋል። ውሃ ማጠጣት አይጠቅመውም።

«ብርድ እንዳይመታው ብለው በርና መስኮት ዘግተው፣ ከሰል አንድደው፣ በጋቢ ጠቅልለው አስተኝተውታል። ልጁ በላብ ይጠመቃል። ይህ ትክክል ነው?» (ከጎንደር)

ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከሰሉ ግን ዛሬውኑ ከክፍሉ ይውጣ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከአዋቂው ቀድሞ ይመረዛል። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፣ እጣኑም እዚያው ይጨስ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ መስኮት ይከፈት። ነፋሱ በልጁ ላይ እንዳያልፍ አልጋውን ከመስኮቱ ማራቅ ይበቃል።

አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ጨምረሽ አልብሽው፤ ቆብም አድርጊለት። እጅና እግሩ ቀዝቀዝ ማለቱ አያታልልሽ፤ የምትዳስሽው ማጅራቱን ወይም ሆዱን ነው። ላብ ካለው በዝቶበታል፣ ከቀዘቀዘ ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ አድርጊውና ከላይ ሁለታችሁንም ሸፍኑ። በቴርሞሜትር በብብቱ ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.4 ዲግሪ መሆን አለበት። ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱ ሳይሸፈን ይተኛ። ትራስና ወፍራም ጋቢ ከአጠገቡ አይኑር።

ገላውን የመጀመሪያው 24 ሰዓት ሳያልፍ አታጥቡት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ፎጣውንና ልብሱን አስቀድመሽ አዘጋጂ፣ ውሃውን በክርንሽ ሞክሪ፣ በአምስት ደቂቃ ጨርሺ፣ ራሱን ቀድመሽ አድርቂ።

«ሲወለድ ክንዱ ላይ የተከተበው በአምስተኛው ሳምንት አብጦ ቆሰለ። መድኃኒት ላድርግበት?» (ከአዲስ አበባ)

አታድርጊበት። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እንዲህ ነው የሚድነው፤ ትንሽ አብጦ፣ ፈርጦ፣ ጠባሳ ትቶ ይጠፋል። አትጭመቂው፣ በፕላስተርም አትሸፍኚው። ብብቱ ሥር ትልቅ እብጠት ካገኘሽ ግን አሳዪው። የሚቀጥለው ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ስለሆነ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ።

«በስድስተኛው ሳምንት ሥራ እመለሳለሁ። ወተቴን አልቤ እንዴት ላስቀምጥ? የቫይታሚን ዲ ጠብታስ የግድ ነው?» (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

ጠብታውን ስጪው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት ይመክራል። የእናት ወተት ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል፤ የአገሩ ክረምት ፀሐይም ጠየም ላለ ቆዳ አይበቃም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ግን ሁለቴ አንብቢ፤ አንዳንዱ 400 ዩኒቱን በአንድ ጠብታ፣ ሌላው በአንድ ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው። ሁለቱን አቀላቅለው ከልክ በላይ የሚሰጡ አሉ።

የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር 6 ወር ያህል ይቆያል። ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር እያደረግሽ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ብዙ ከሞላሽ የተረፈው ይደፋል፣ የልጁ አፍ የነካው ጡጦ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይምና። የቀዘቀዘውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አሙቂ። ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተው አፉን ያቃጥለዋል። በተለያያችሁበት ሰዓት ልክ፣ በየሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ አስቢለት። ሥራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ እለቢ፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአብዛኞቹ ሠራተኞች ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው የማለቢያ ጊዜና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አለቃሽን ከመመለስሽ በፊት አነጋግሪ።

«የምንኖረው ገጠር ነው፤ ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ሌሊትም ቢሆን ተነሥቼ እንድሄድ የሚያስገድደኝ የትኛው ምልክት ነው?» (ከምሥራቅ ጎጃም፣ አባት)

ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ ጡት ካልሳበ ወይም መጥባቱ ከደከመ፣ አንዘፍዝፎት ከተገተረ፣ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተነሥ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ በኃይል ከገባ ወይም ካቃሰተም እንዲሁ። ትንፋሹን ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠር፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመህ ቁጠር፣ ዳግመኛም ያው ከሆነ ሂድ። ሙቀቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ አደጋ ነው። በአራስ ልጅ ላይ መቀዝቀዝ ከትኩሳት እኩል ያስፈራል፤ ብዙ ሰው ትኩሳቱን ብቻ ስለሚጠብቅ ይህን ያልፈዋል። አረንጓዴ ትውከት፣ በእትብቱ ዙሪያ የተስፋፋ መቅላት፣ የመዳፍ ቢጫነትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጨቅላ ሕፃን በጠዋት ተዳክሞ ማታ ሊሞት ስለሚችል ንጋትን አትጠብቅ።

እናቲቱንም አትርሳ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርቅ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ካለባት ሁለቱም አብረው ይሂዱ።

ስትነሡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ደውለህ አንቡላንስ እንድትጠራ ጠይቅ፤ ስልኳ ከወዲሁ በሞባይልህ ይኑር። ልጁን ዳይፐርና ቆብ ብቻ አድርጋችሁ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ እሰሩት፣ ከላይ ጋቢ ደርቡ፤ አፍንጫው እንዳይሸፈን እያያችሁ። መሳብ ከቻለ በመንገድ ላይ ይጥባ፤ ካልቻለ የታለበ ወተት በንጹሕ ስኒ ጠብ ጠብ አድርጉለት፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከተንዘፈዘፈ ግን ምንም በአፉ አትስጡ። የክትባት ካርዱንና የእናቲቱን የወሊድ ወረቀት ያዙ።